ዶሪን ያስቀረችው ብስክሌተኛ

ዶሪን ሰግደን በትዳር ዘመኗ ከባሏ አፍ አብዝታ የሰማችው "እወድሻለሁ" የሚለውን አይደለም። እሱን ኖርማን የሚናገረው ቢራ ሲደጋግም ነው፤ ያኔም ቢሆን ለሷ ይሁን ለቢራው በውል አይለይም። አብዝታ የሰማችው "ዶሪን ባታስቀረኝ ኖሮ ፈረንሳይ ነበርኩ" የሚለውን ነው። ይቺ አባባል ከሳሎኑ ሰዓት ቀጥላ የምትቆጠር የቤት ዕቃ ሆና ነበር። ሰርግ ላይ ትወጣለች፣ ቀብር ላይ ትወጣለች። የታላቋ ልጃቸው እጮኛ መጀመሪያ ቤታቸው የመጣ ቀንማ ድንቹ ገና ጠረጴዛ ሳይደርስ ወጥታ ነበር።

ነገሩ ጭራሽ ውሸት ነው አይባልም። ኖርማን በወጣትነቱ በብስክሌት እሽቅድድም በዮርክሻየር ሸለቆዎች የታወቀ ነበር። ያን ጊዜ እንግሊዛዊ ተወዳዳሪ ማለት ቅዳሜ ከፋብሪካ ወጥቶ ውድድሩ ቦታ ድረስ ብስክሌቱን እየነዳ የሚሄድ፣ ተወዳድሮ የጃም ሳንድዊቹን የሚበላ፣ ከዚያም እየነዳ ቤቱ የሚገባ ሰው ነው። ባሕር ተሻግሮ ከቤልጅጎችና ከፈረንሳዮች ጋር ሊጋፋ የሚሄድ አልፎ አልፎ ቢገኝም፣ አብዛኛው ከስቶና ኪሱ ነጥፎ ይመለሳል። ስለሄዱበት ነገር ብትጠይቃቸው ስለ ዝናቡ ብቻ ነው የሚያወሩህ።

ዶሪን ራሷ ግን ከብስክሌት ጋር የተዋወቀችው በኖርማን በኩል አይደለም። የሱፍ ፋብሪካ ውስጥ የጨርቅ ጉድለት በመርፌ የምታቃና ወጣት ሳለች የእሁድ የብስክሌት ማኅበር አባል ነበረች። ኖርማንን መጀመሪያ ያየችው ቶርንበር ዳገት ላይ ነው፤ በትክክል ለመናገር ያየችው ጀርባውን ነው፣ ከዚያ ጎኑን፣ ከዚያ ወደ ኋላ ዞር ብላ ፊቱን። በቀሚስ ሆና አልፋው ወጣች። እሱ ሲደርስ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ብርቱካን እየላጠች ነበር።

"ካቴናዬ ወልቆ ነው" አላት።

"እኔ ምን አልኩ?" አለችውና ግማሹን ብርቱካን ሰጠችው።

ካቴናው ወልቆ እንደነበር እስከ ዛሬ ይምላል።

ሲጋቡ ባለ ሁለት ኮርቻ ብስክሌት ገዙና የጫጉላ ሽርሽራቸውን በእሱ ወጡ። እሱ ከፊት፣ እሷ ከኋላ። እንደዚህ ባለ ብስክሌት ከፊት የተቀመጠው ሰው መንገዱን ሁሉ ያያል፤ አንድ የማያየው ነገር ቢኖር ከኋላው የተቀመጠችው ሰው መርገጥ አለመርገጧን ነው። ስለዚህ ዳገት በመጣ ቁጥር ኖርማን ዞር ሳይል ይጮሃል።

"ዶሪን፣ እየረገጥሽ ነው?"

"አፍህን ዝጋና ቀጥል!"

አብዛኛውን ጊዜ ትረግጥ ነበር። አንዳንዴ ግን፣ እውነቱ ይነገር ከተባለ፣ እግሯን አንስታ የበግ ግልገሎች ታያለች።

ልጅ በሆዷ በያዘች በመጀመሪያው ጸደይ ኖርማን ባርኔጣውን እያሻሸ ወደ ወጥ ቤት ገባ።

"ቤልጅጉን እምቢ አልኩት።"

"የምን ቤልጅግ?"

ለካስ አንድ ከጌንት የመጣ ሰው ውድድር ላይ አይቶት ኖሯል። ና፣ ለቡድኔ ትነዳለህ፣ ከሥጋ ቤት በላይ ክፍል አለችኝ፣ ከበረታህ በበጋ ፈረንሳይ እወስድሃለሁ ብሎት ኖሯል። ይህን ሁሉ ዶሪን የሰማችው ካለቀ በኋላ ነው።

"ለምን እምቢ አልክ?" አለችው።

ኖርማን ሆዷን አየ። "አንቺን እንዲህ ሆነሽ ጥዬ..."

"ማን ጥለኸኝ ሂድ አለ? ለሁለት ሰው አትበቃም እንዴ ክፍሏ?" ልትለው አፏን ከፈተች። እሷማ ከሥጋ ቤት በላይም ሆነ በታች ብትኖር ግድ አልነበራትም፤ ፋብሪካውን ከመጤፍ አትቆጥረውም ነበር። ግን የባሏን ፊት አየችው። ከንፈሩ ነጥቷል። ከሆነ አደጋ ለጥቂት ያመለጠ ሰው ፊት ነው። አሳዘናት። አፏን ዘጋችና ሻይ ጣደች። ምክንያት ካስፈለገው ለአንድ ወር ያህል እኔን ያድርገኝ ብላ ተወችው። ለአንድ ወር ያዋሰችው ነገር ሳይመለስ ሃምሳ ዓመት አለፈው።

ደግነቱ ለብዙ ዘመን ያቺ የኖርማን አባባል ብዙም አትጎዳም ነበር። እንግሊዛዊ በታላቁ የፈረንሳይ ውድድር ማሸነፉ በማይታሰብበት ጊዜ ኖርማን "ፈረንሳይ ነበርኩ" ቢል ሰው "እሺ ኖርማን" ብሎ ወሬ ይቀይራል። ዶሪንም የትምህርት ቤት ወጥ ቤት ተቀጥራ ስንት ሕፃን ካሮት አስበላች፣ ሁለት ሴት ልጆች ዳረች፣ ጉልበቷን ታከመች። የመከራው መጀመሪያ የሀገሯ ልጆች ማሸነፍ መጀመራቸው ነው። በመጀመሪያ በአዳራሽ ውስጥ ውድድር ወርቁን ሰበሰቡት፤ ቀጥሎ መንገድ ላይ ወጡና እዚያም ፈረንሳዮቹን ያስለቅሱ ጀመር። በመጨረሻም ሁለት ዓመት በተከታታይ፣ ሁለት የተለያዩ ልጆች፣ ቢጫውን የአንደኛነት ማሊያ ለብሰው ፓሪስ ገቡ። ሀገር በደስታ አበደ። ዶሪንም ሶፋው ላይ ሆና አጨበጨበች፤ ነገር ግን ኖርማን ጉሮሮውን ሲጠርግ ስትሰማ እጇ አየር ላይ ቀረ።

"ያ ማሊያ..." አለ ኖርማን።

"አውቃለሁ" አለች ዶሪን።

ጉድ የፈላው ግን ያ ታላቅ ውድድር በዓመቱ ከዮርክሻየር ይነሳል፣ በሄዝልቢ መንደርም መሃል ለመሃል ያልፋል ሲባል ነው። ሄዝልቢ የነሱ መንደር ነች። የአካባቢው ቴሌቪዥን ጣቢያ የድሮ ብስክሌተኞች እያፈላለገ መጣና ኖርማንን ከበሩ ፊት አቆመው። ጋዜጠኛው ጫማው ከፊቱ ይበልጥ የሚያበራ ጎረምሳ ነበር።

"አቶ ሰግደን፣ ያኔ ዕድሉን አግኝተው ነበር ይባላል። ለምን ሳይሄዱ ቀሩ?"

"ባለቤቴ አስቀረችኝ።"

ካሜራው ወደ ላይ ተነሳ። ዶሪን ፎቅ ላይ በመስኮት ብቅ ብላ የጠረጴዛ ልብስ ታራግፍ ነበር። በዚያው ምሽት አገር ሁሉ አያት፤ አፏ ተከፍቶ፣ የዳቦ ፍርፋሪ ስታዘንብ።

በማግስቱ ሥጋ ቤት ስትሄድ ሻጩ ቢላውን አስቀመጠ።

"ዶሪን! ለካ ይሄን ሁሉ ዓመት ቢጫውን ማሊያ ያሳጣሽን አንቺ ነሽ!"

ወረፋ የያዘው ሁሉ ሳቀ። እሷም ሳቀች። ቤቷ እስክትደርስ ግን አንጀቷ አርሮ ነበር። ለባሏ ማዋስ አንድ ነገር ነው፤ ለሥጋ ሻጭ አላዋሰችም።

መንደሩ በዚያን ሰሞን የቢጫ በሽታ ይዞት ነበር። የመጠጥ ቤቱ ባለቤት ግሌኒስ፣ የዶሪን የልብ ወዳጅ፣ የአስጌጪዎች ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆና ያገኘችውን አሮጌ ብስክሌት ሁሉ ቢጫ እየቀባች ግድግዳ ላይ ትሰቅላለች። ሴቶቹ መዳፍ የምታክል ማሊያ በሹራብ ክር እየሠሩ በየመንገዱ በገመድ አንጠልጥለዋል። የአንዱ ገበሬ በጎች ሳይቀሩ ቢጫ ተነክረዋል። ግሌኒስ በብሩሿ ስታልፍ አንድ ቦታ ረጅም ሰዓት መቆም አይመከርም ነበር።

"ዶሪን፣ መጋዘናችሁ ውስጥ የማትፈልጉት ብስክሌት አይጠፋም መቼም" አለች ግሌኒስ በሩ ላይ ቆማ።

መጋዘኑ ውስጥ በብርድ ልብስ የተሸፈነ አንድ ብስክሌት አለ። አንድ የብራድፈርድ ባለሙያ በኖርማን እግርና ክንድ ልክ በእጁ የሠራው፣ እንደ ሌሊት ሰማይ ጥቁር ሰማያዊ የሆነ፣ ኖርማን እሁድ እሁድ ዘይት የሚቀባው፣ የልጅ ልጆቹ እንኳ እንዳይነኩት የተከለከሉት። ኖርማን በዚያ ሰዓት ጥርስ ሐኪም ዘንድ ነበር።

ዶሪን አሰበች። ብዙም አላሰበችም።

"ብርድ ልብሱን መልሺልኝ እንጂ ብስክሌቱን ውሰጂው" አለች።

ኖርማን ባየው ጊዜ ብስክሌቱ ከመጠጥ ቤቱ በር በላይ ተሰቅሎ ያበራ ነበር፤ ከመሪው እስከ ኮርቻው፣ ቸርኬው፣ ካቴናው፣ ሁሉም ቢጫ። ከጥርስ መንቀያው መርፌ የተነሳ ግማሽ አፉ ደንዝዟል። እየሮጠ ቤት ገባ።

"ማነው ብስክሌቴን የነካው?"

ዶሪን ድንች እየላጠች ነበር። "እኔ ነኝ።"

"ቢጫ ቀብተውታል! ቢጫ!"

"ቢጫ ያጣሁት በአንቺ ነው ስትል አልነበር? ይኸው፣ ቢጫ።"

"ያ ብስክሌት... ያ ብስክሌት ፈረንሳይ መሄድ የነበረበት..."

"ፈረንሳይ ራሷ ልታየው እየመጣች ነው። ቁጭ በል፣ ምራቅህ እየወረደ ነው።"

ኖርማን ቁጭ አላለም። ወደ መጠጥ ቤቱ ተመለሰና ይውረድልኝ አለ። ግሌኒስ በብሎን ታስሯል፣ ፎቶውም በመንደሩ ማስታወቂያ ላይ ወጥቷል፣ ፈረንሳዮች እስኪያልፉ አይወርድም አለች። ዶሪንም ሽርጧን ሳትፈታ ተከትላው ደረሰች። ጥግ ላይ የነበረው የኖርማን የጥንት ባልንጀራና ተፎካካሪ ፍራንክ ከብርጭቆው ቀና አለ።

"ቢወርድስ ምን ልታደርገው ነው? ዘይት ልትቀባው?"

"ልነዳው ነዋ!"

"የት? እስከ ፖስታ ቤት?"

"ቶርንበር ዳገትን እወጣዋለሁ!" አለ ኖርማን። ይህን ያለው ደንዝዞ የነበረው የአፉ ወገን ይሁን ጤነኛው አይታወቅም። "የውድድሩ ዕለት ጠዋት! ሰው ሁሉ እያየ! እግሬ መሬት ሳይነካ!"

ቶርንበር ዳገት ጎረምሳ የሚያስለቅስ ዳገት ነው። ኖርማን ሰባ ስድስት ዓመቱ ነው።

"ከወጣኸው ብስክሌቱ የዚያኑ ቀን ያንተ ነው" አለች ግሌኒስ፣ ሳቋን እያፈነች።

"እኔም አለሁበት" አለች ዶሪን። ሁሉም ዞሩ። "ከወጣኸው ያ ጫማው የሚያበራ ልጅ ሲመጣ በቴሌቪዥን ቆሜ 'አዎ፣ እኔ ነኝ ያስቀረሁት' እላለሁ። እግርህ መሬት ከነካ ግን ያቺን አባባልህን በሕይወት እስካለሁ ዳግመኛ አልሰማትም። በሰርግም፣ በቀብርም። በኔ ቀብር እንኳ።"

"በሕይወት እስካለሁ ካልሽ በቀብርሽ እኮ..." አለ ፍራንክ።

"አንተ ዝም በል።"

ኖርማን እጁን ዘረጋ። ተጨባበጡ።

ከዚያ ወዲያ ብስክሌቱ ለልምምድ ተብሎ ተፈታለት። ቀለሙን አትነካም ተብሏልና ካቴናውን ብቻ በቢላ ሲፍቅ ከረመ። ማለዳ ማለዳ ልምምድ ይወጣል፤ ሲመለስ ደረጃውን በእጁ ተደግፎ ይወጣል። ዶሪን ቁርሱን ታቀርብለታለች፣ አትጠይቀውም፣ እሱም አይናገርም። አንድ ቀን የት ድረስ ወጣህ ብላ ብትፈትነው "አየሩ ጥሩ ነው" አላት። በልቧ ጨፈረች። ወርቃማ ዝምታ የሰፈነበት እርጅና ታያት።

ውድድሩ የሚያልፍበት ቅዳሜ ደረሰ። ዶሪን ታጣፊ ወንበሯን፣ በቴርሞስ ሻይዋንና የአሳማ ሥጋ ሳንድዊቿን ይዛ ማልዳ ወጣች። የተቀመጠችው የትም አይደለም፤ ዳገቱ እጅግ ከሚቆምበት መታጠፊያ ላይ ነው። የዛሬ ስንት ዓመት አልፋው የሄደችው እዚያው ነበር። እግሩ መሬት የሚነካ ከሆነ የሚነካው እዚህ ነው። ሲነካ የሻይ ኩባያዋን ከፍ አድርጋ "ለጤናህ!" ልትለው ተዘጋጅታለች።

ሕዝቡ ዳገቱን ከታች እስከ ላይ ሞልቶታል። ተወዳዳሪዎቹ እስኪደርሱ ገና ሰዓታት ስለቀሩ ሰዉ በዚያ መንገድ ለወጣ ሁሉ ይጮሃል። ለፖሊሱ ተጮኸ፣ ለፖስተኛው ተጮኸ፣ መንገድ ለሳተ አንድ ውሻም ከሁሉ የበለጠ ተጮኸ። ከዚያ ከታች ሌላ ጩኸት ተነሳ።

ኖርማን ነው። ብል የበላው የማኅበሩን የሱፍ ማሊያ ለብሷል፤ ሆዱ ላይ ተወጥሮ ቀዳዳዎቹ ዓይናቸውን ከፍተዋል። ቢጫው ብስክሌት ከሥሩ ይንቋቋል።

"ግፋ በለው አያቴ!"

"ቢጫውን እንዳትነጠቅ!"

"ፈረንሳዮቹ ደረሱብህ፣ ዞር በል!"

በመጀመሪያ ሳቀላቸው፤ አንድ እጁንም አነሳ። መታጠፊያው ሲቃረብ ግን እጁን ወደ መሪው መለሰ። ብስክሌቱ ወደ ግራ ተንገዳገደ፣ ወደ ቀኝ ተንገዳገደ። ጎማው ሊቆም ትንሽ ቀረው። ዶሪን ኩባያዋን ይዛ ተነሳች። አፏም ተከፍቷል።

ያኔ ፊቱን አየችው። ከንፈሩ ነጥቷል። ያ ፊት ነው፤ ባርኔጣውን እያሻሸ ወጥ ቤት የገባው ልጅ ፊት። የሚፈራው መውደቁን አልነበረም። ከአንዱ ሰው ፊት ወደ ሌላው እያየ የሆነ ምክንያት ይፈልግ ነበር፤ እሷን ይፈልግ ነበር።

"አንተ ፈሪ" አለች ዶሪን፣ ለማንም ሳይሆን። እንዲህ እንደወደደችው ለዓመታት አልተሰማትም ነበር።

ኩባያዋን ጣለች። በመጥፎ ጉልበቷ አስፋልቱ ላይ ወጥታ አንድ እጇን ኮርቻው ላይ፣ ሌላውን ወገቡ ላይ አድርጋ ገፋችው። እንደ ልጅ ጋሪ ገፋችው። ሕዝቡ ለውሻው ከጮኸው እጥፍ ጮኸ።

ኖርማን ዞር አላለም። ትንፋሽ ሳይኖረው ግን አንዲት ነገር ጮኸ።

"ዶሪን! እየረገጥሽ ነው?"

"አፍህን ዝጋና ቀጥል!"

መታጠፊያውን አለፈ። ከዚያ ወዲያ ዳገቱ ይለዝባል፤ እያቃሰተም ቢሆን ጫፉ ላይ ደረሰ። ግሌኒስ ከላይ ሆና በብሩሿ ባረከችው። ፍራንክ መገፋት አይቆጠርም ብሎ ሊከራከር ሲል ግሌኒስ "እግሩ መሬት ነካ?" አለችው። አልነካም። ስለ መገፋት የተነጋገረ ሰው አልነበረም።

ዶሪን በሰው ክንድ ተደግፋ ስትደርስ ጫማው የሚያበራው ጋዜጠኛ ማይክሮፎኑን ይዞ ይጠብቃት ነበር። ኖርማን ሣሩ ላይ ተዘርሯል። ዶሪን ፀጉሯን አስተካከለች። ያጣችውን ታውቃለች፤ ያቺ አባባል ከእንግዲህ በቴሌቪዥን የጸደቀች ትሆናለች። ያም ሆኖ ቃል ቃል ነው።

"እናቴ፣ የሚሉት ነገር አለ ብለውኛል" አለ ጋዜጠኛው።

"አዎ" አለች ዶሪን፣ ካሜራውን እያየች። "እኔ ነኝ ያስቀረሁት።"

"ውሸቷን ነው!"

ኖርማን ነው። በክርኑ ቀና ብሏል። ሃምሳ ዓመት ሲላት የኖረውን ራሷ ስትለው ሊሸከመው አልቻለም።

"አንድ ቀን እንኳ አላስቀረችኝም። አልጠየቅኳትም። ለቤልጅጉ እምቢ ብዬ ነው የነገርኳት።"

ጋዜጠኛው ማይክሮፎኑን ወደማን እንደሚያዞር ጠፋው። ዶሪን አጠገቡ ሣሩ ላይ ቀስ ብላ ተቀመጠች፤ ጉልበቷ ቋ አለ።

"ለምንድነው ያልጠየቅከኝ?" አለችው። ካሜራ መኖሩን ረስታለች። "እሄድ ነበር እኮ፣ ኖርማን። ከነሆዴ እሄድ ነበር።"

ኖርማን ሣር ነጨ። ነጨና ጣለው።

"አውቃለሁ" አለ። "እሺ ትይኛለሽ ብዬ ፈርቼ ነው።"

ሄሊኮፕተሮቹ በዚያን ጊዜ በኮረብታው ላይ ብቅ አሉ። መንገዱ በመኪና ጥሩምባ ተናወጠ፤ የዓለም ምርጥ ብስክሌተኞች እንደ ነፋስ ሽው ብለው አለፉ። ሄዝልቢ ዓመት ሙሉ የተዘጋጀችበት ነገር በአንድ ትንፋሽ አለቀ። ፍራንክ ከሕዝቡ መሃል ተጋፍቶ ወጥቶ እያለከለከ መጣ።

"ሰው ጋርዶብኝ! ከፊት የነበረው ማነው? የኛ ልጅ ነው?"

ሁለቱም አላዩም ነበር።